ከምላስ ሥር የቀረው ስም

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። ትልልቆቹም ጆሯችሁን ስጡኝ፤ ዓይናችሁን ግን ወደ ሌላ መልሱልኝ። ሰው ሲያየኝ መናገር አልችልም።

ይህን ተረት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለጓደኛዬም፣ ለባሌም፣ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ብዙ ዘመን በሆዴ ይዤው ኖሬአለሁ። ዛሬ ይውጣልኝ።

ዘመኑ ድሮ ነው። ድሮ ስላችሁ አንበሳና ሚዳቋ ይነጋገሩበት የነበረው ድሮ እንዳይመስላችሁ። መብራት ወይራ አፋፍ የገባበት ድሮ ነው። ወይራ አፋፍ ትንሽ ከተማ ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ትምህርት ቤት፣ አንድ ወፍጮ ቤት ነበራት። የወፍጮው ባለቤት ጋሽ ይርዳው ይባላሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ እንቅልፍ ይወዳሉ፤ ጆሯቸውን የወፍጮ ጩኸት ደፍኖታል።

ጋሽ ይርዳው ከወፍጮው ጎን አንዲት ክፍል በጭቃ ግድግዳ ለዩና ጌም ቤት አደረጓት። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር አስገቡ። የከተማው ጎረምሳ ሁሉ እዚያ ይውል ጀመር።

በዚያ ቴሌቪዥን ውስጥ፣ ከመስታወቱ ወዲያ፣ አንድ ንጉሥ ይኖር ነበር። ስሙ አግበስብስ ነው። ሆዱ ሰፊ፣ እጁ ረጅም፣ ዓይኑ የማይጠግብ።

ጌሙን የሠሩት ሰዎች አግበስብስን ያቆሙት በገደል ላይ የተዘረጋ ድልድይ እንዲጠብቅ ነው። በድልድዩ ላይ ወርቅ ይዘንባል። አግበስብስ ግን ጥበቃውን ተወና ወርቁን መልቀም ጀመረ። የወደቀውን ለቀመ። የተንጠለጠለውን አወረደ። የተደበቀውን ቆፈረ። ሁሉንም ጨርሶ በላውና ሆዱን ዳሰሰ፤ ባዶ ነው። ለካ የብርሃን ወርቅ አይጣፍጥም፣ አይሸትም፣ አያጠግብም።

አንድ ቀን መሸት ሲል፣ አንድ ልጅ ከአግበስብስ ጋር ይጫወት ነበር። ልጁ እየመራ ነው፤ ብዙ ወርቅ ይዟል። ያን ጊዜ ከውጭ የእናቱ ድምፅ መጣ፤ ስሙን ጠራችና፣ «ና እንጂ፣ እራት ቀረበ!» አለችው።

ልጁ ጆይስቲኩን ጣለ። ወርቁን ሁሉ ትቶ ሮጠ።

አግበስብስ አፉን ከፍቶ ቀረ። «ይህን ሁሉ ወርቅ ያስጣለው ምንድን ነው? እናቱ የጠራችው ያ ቃል ከወርቅ የሚበልጥ ምን ጣዕም ቢኖረው ነው?» አለ። ትንሽ አሰበ። «እኔን እንዲህ የጠራኝ የለም» አለ። ከዚያ ምራቁን ዋጠና፣ «ልብላው» አለ።

በማግስቱ በቴሌቪዥኑ ላይ ነጋሪት ተጎሰመ።

«የሰማህ ላልሰማህ አሰማ! ታላቅ ውድድር አውጃለሁ! ስሙን ጽፎ የገባ፣ ከእኔ ጋር በድልድዩ ላይ ይሮጣል። ቀድሞኝ በሩ ላይ የደረሰ፣ ስሙ በወርቅ ይጻፍለታል፤ ለዘላለም አይጠፋም። የተቀደመ ግን ስሙን ለእኔ ይተዋል!»

ጎረምሶቹ ሳቁ።

«ስም ምን ያደርግለታል? ይውሰደው!»

«የኔን ከወሰደማ አያቴ ያወጡልኝን ይህን አስቀያሚ ስም ገላገለኝ ማለት ነው!»

«ተነሥ ባክህ፣ ጣትህ እንደ ገንፎ ነው፤ እኔ ልግባለት!»

መጀመሪያ የልብስ ሰፊው ልጅ ገባ፤ ስሙን ጻፈ፤ ተቀደመ። ቀጥሎ የቄሱ ልጅ ገባ፤ ስሙን ጻፈ፤ ተቀደመ። ቀጥሎ የሥጋ ቤቱ ልጅ ገባ፤ እሱም ስሙን ጻፈ፤ እሱም ተቀደመ። አግበስብስ ስሞቹን አንድ በአንድ ዋጣቸው።

የዚያን ዕለት ማታ የልብስ ሰፊው ሚስት ልጇን ልትጠራ በር ላይ ወጣች። አፏን ከፈተች። ምን ልትል እንደ ወጣች ጠፋባት። «ምን ሆኜ ነው የወጣሁት?» አለችና ተመልሳ ገባች። ልጁ ቢመጣም አላወቀችውም። «ማን ልበል?» አለችው፣ በትሕትና።

እንዲህ ነበር፣ ልጆቼ። ስሙ የተበላ ሰው አይሞትም፤ አይታመምም። በዚያ ስም ይጠሩት የነበሩ ሁሉ ግን ይረሱታል። የሚጠራው ሲያጣ የሚሄድበትም ያጣል። እነዚያ ጎረምሶች ወደ ጌም ቤቱ ተመለሱና ግድግዳውን ተደግፈው ተቀመጡ። ቀን በቀን እየሳሱ ሄዱ። ከኋላቸው ያለው ጭቃ በደረታቸው አልፎ ይታይ ጀመር።

አሁን ወደ ልጅቱ ልምጣ።

በዚያች ከተማ ወይዘሮ ሽታዬ የሚባሉ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ሁለት ልጆች አሏቸው። ታላቁ መንበሩ ይባላል፤ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚጠራው በዚሁ ነው። በከተማው እንደ እሱ ጣቱ የፈጠነ አልነበረም። ታናሿ ሴት ናት፤ ተማሪ ናት። ከማፈሯ የተነሣ ሰው በመንገድ ሲመጣ ጥግ ይዛ ታሳልፈዋለች። በቤትም በሰፈርም የምትጠራበት የቤት ስም ነበራት። ምን እንደ ሆነ አልነግራችሁም። ለምን እንደማልነግራችሁ ኋላ ታውቃላችሁ።

ይህች ልጅ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቅ በጭቃው ግድግዳ ስንጥቅ ጌሙን ታይ ነበር። ሴት ልጅ እዚያ ስለማትገባ በስንጥቅ ብቻ ታያለች። ማንም ያላስተዋለውን አስተዋለች፤ ተወዳዳሪው ሁሉ ወርቅ ሲያይ ያጎነብሳል። አግበስብስም ያጎነብሳል፤ የሱ እጅ ግን ረጅም ነው፤ ሳይቆም እየሮጠ ይለቅማል። ሁሉም የሚሸነፈው በማጎንበሱ ነው።

ይህን ለወንድሟ ልትነግረው ብዙ ጊዜ አፏ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። «በስንጥቅ ታያለች ይለኛል» ብላ አፈረች።

አንድ ቀን መንበሩ ጫማውን አውልቆ ነጠላ ጫማ እያጠለቀ፣ «ዛሬ ያንን ወፍራም አስተኝቼው እመጣለሁ» አለ።

«ጋሼ፣ ተው አትሂድ» አለችው።

«ምን ሆነሽ ነው? ስሜ በወርቅ ሲጻፍ የመንበሩ እህት ተብለሽ ትኮሪ የለም እንዴ?»

«ጋሼ፣ አንድ ነገር…»

«ምን?»

«ምንም፣ ተወው» አለች። እሱም ጉንጯን ቆንጠጥ አድርጓት ወጣ።

ማታ አልመጣም። ገበታ ቀረበ። እናቷ ለሁለት ሰው ቆረሱ፤ ለሁለት ሰው ወጥ ጨለፉ፤ ሁለት ብርጭቆ አወጡ።

«እማዬ፣ ጋሼን አንጠብቀውም?»

«የትኛው ጋሼ?»

«ጋሼ ነዋ! ልጅሽ!»

እናቷ ሳቁ። «አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ፀሐይ መትቶሻል። ካንቺ ሌላ ምን ልጅ አለኝ?» ብለው በሩ ሥር ወዳለው ጫማ አመለከቱ። «ይልቅ ይህን ጫማ ማን ረስቶት እንደ ሄደ ጠይቂልኝ። ባለቤቱ ሲፈልገው ይውላል።»

ልጅቱ እጇ ገበታው ላይ ቀረ። ሁሉም ሲረሳው እሷ ለምን እንዳልረሳችው ያን ጊዜ ገባት። ታላቅ ወንድም በስሙ አይጠራም። ከተወለደች ጀምሮ «መንበሩ» ብላው አታውቅም፤ «ጋሼ» ነው ያለችው። አግበስብስ «መንበሩ»ን በላ፤ «ጋሼ»ን ግን አላገኘውም።

ጠዋት ጌም ቤት ሄደች። ዕድሜዋን ሙሉ ያልረገጠችውን ደፍ ረገጠች። ጋሽ ይርዳው ጥግ ላይ ተቀምጠው አንቀላፍተዋል። ከግድግዳው ጎን ጎረምሶቹ ተደርድረዋል። መንበሩ ከመጨረሻው ነው፤ ትከሻው ገና አልሳሳም።

«ጋሼ፣ ተነሥ፣ ቤት እንሂድ።»

«ማታ አንቺ ሳትገቢ ሄጄ ነበር» አላት። «እማዬ ማን ልበል አለችኝ። ውኃ ጠጣ ብላ ሰጠችኝ። ጠጣሁና መጣሁ።»

«እኔ አውቅሃለሁ እኮ!»

«አንቺማ ታውቂኛለሽ። አንቺ ግን እናቴ አይደለሽም።»

ይህን ሲላት ዞር አለችና አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ጆይስቲኩን አነሣች።

አግበስብስ ከመስታወቱ ወዲያ አያት። «እሰይ፣ እሰይ! ሴትም ተወዳዳሪ መጣችልኝ! አንገትሽን ቀና አድርጊ እንጂ፣ ምን ጠፍቶብሽ ነው መሬት መሬት የምታዪው?»

«የወንድሜን ስም መልስልኝ።»

«በነፃ? እኔ? አይ አንቺ! ሦስት ጊዜ እንሮጣለን። በእያንዳንዱ ሩጫ ስም ታስይዣለሽ። በሦስተኛው ካሸነፍሽ የወንድምሽን እተፋዋለሁ።»

ልጆች፣ በእኛ አገር ሰው ሦስት ስም እንዳለው ታውቃላችሁ። የቤት ስም አለው፣ የትምህርት ቤት ስም አለው፣ የክርስትና ስም አለው።

ልጅቱ አሰበች። «የክርስትና ስሜን ለመጨረሻ ላቆየው፤ መተት የሚሠራው በሱ ነው እየተባለ ስንት ተደብቋል። የትምህርት ቤት ስሜንም መጀመሪያ አላስይዝም፤ አጎቴ ሲያስመዘግቡኝ ያወጡልኝ ነው፤ በካርዴ ላይ የተጻፈው እሱ ነው። የቤት ስሜ ግን የትም አልተጻፈም። የትም ያልተጻፈ ነገር ቢጠፋ ምን ይጎድላል?»

ተማሪ ነበረች፣ ብያችኋለሁ። ስም ማለት የተጻፈው ይመስላት ነበር። ወንድሟንም ያጠፋው የተጻፈው ስሙ መበላቱ መሰላት፤ የሱ የቤቱም የትምህርት ቤቱም አንድ እንደ ነበር ልብ አላለችም።

የቤት ስሟን አስያዘች።

አግበስብስ ከንፈሩን ላሰ። «ደግ ነው» አለ። ብቻውን ፈገግ አለ።

የመጀመሪያው ሩጫ ተጀመረ። በስንጥቅ ማየትና በእጅ መያዝ ለየቅል ነው። ጣቷ ቁልፉን ሳተ፤ ድልድዩ መሐል ተንገዳገደች፤ አግበስብስ እየሳቀ አልፏት በሩ ላይ ደረሰ። የቤት ስሟን አነሣና አፉ ውስጥ አስገባው። ሊውጠው አለና ተወው።

«ኧረ ይህስ ልዩ ነው! ሌላው ሁሉ ስም ነው፤ ይህ ግን ማር ነው! ስንት ጊዜ ተጠርቶበታል! በጠዋት ተጠርቶበታል፣ በሕመም ተጠርቶበታል፣ እንቅልፍ ሲያስወስዱሽ ተጠርቶበታል!» አለና እንደ ከረሜላ ከምላሱ ሥር ሸጎጠው።

ልጅቱ ደረቷ ላይ አንዳች ብርድ ገባ። ምን እንደ ሆነ ገና አልገባትም። ላቧን ጠረገችና የትምህርት ቤት ስሟን አስያዘች።

ሁለተኛው ሩጫ ተጀመረ። አሁን እጇ ጸና። ከፊቷ ወርቅ ዘነበ፤ አላጎነበሰችም። ከጎኗ ወርቅ ተንጠለጠለ፤ አልዘረጋችም። ከእግሯ ሥር ወርቅ ተንከባለለ፤ ረግጣው አለፈች። አግበስብስ ግራ ቀኝ እየለቀመ ሲመጣ እሷ በሩን ይዛ ቆማለች።

«ወርቅ አትወጂም እንዴ?» አለ፣ ተናዶ።

«እሱን ልለቅም አልመጣሁም።»

«እንግዲያው እኔም አልለቅም! ሦስተኛውን አሳይሻለሁ! የተደበቀውን ስም አምጪ!»

ልጅቱ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለችና የክርስትና ስሟን በሹክሹክታ ነገረችው።

ሦስተኛው ሩጫ ተጀመረ። አግበስብስ እንዳለው ወርቁን አላየውም። ረጅም እግሩን ዘርግቶ ነጎደ፤ አለፋት፤ ድልድዩ መሐል ደረሰ። ልጅቱ ከኋላ ቀረች። ጣቷን እስኪያልበው ቁልፉን ብትጫንም አልደረሰችበትም። የወንድሟ ትንፋሽ ከኋላዋ ሲሳሳ ይሰማታል።

ያን ጊዜ በሕይወቷ አድርጋው የማታውቀውን አደረገች። ጮኸች። መንገድ ላይ ድምፅዋ የማይሰማው፣ ሰው ሲያያት የምትሸሸው ልጅ፣ አፏን መስታወቱ ላይ አድርጋ በሙሉ ጉሮሮዋ ጮኸች።

«ውባንቺ!»

የትምህርት ቤት ስሟ ነው። ያሸነፈችበት፣ ከእጁ የወጣው ስም ነው።

አግበስብስ በሩ ደጃፍ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። የክርስትና ስሟ በጁ ሊገባ ነው። ግን ስም ሲጠራ ሰማ፤ ዓይኑ አልቻለም። አንድ እጁን ወደ በሩ እንደ ዘረጋ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ላከው። ሁለቱንም ፈለገ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሲባል አልሰማም። በስም የተሞላ ሆዱ ወደ ኋላ ጎተተው። ድልድዩ የተሠራው ለቀጭን ዘበኛ ነበርና ሳንቃው ጓ! ብሎ ተሰበረ።

አግበስብስ በአንድ እጁ ተንጠለጠለ።

«ልጄ! እመቤቴ! እጅሽን ስጪኝ!» አለ። «ስሚኝማ! ሆዴ ውስጥ ያሉት ሲሰነጠቅ ይወጣሉ። ያንቺ ግን ሆዴ ውስጥ አይደለም፤ ከምላሴ ሥር ነው። ከወደቅሁ አብሮኝ ይወርዳል። ካወጣሽኝ ያንቺን እተፋልሻለሁ፤ የሌሎቹን ደግሞ ቀስ ብለን እንነጋገራለን። የቤት ስምሽ እኮ ነው! እናትሽ የምትጠራሽ!»

ልጅቱ ያ ብርድ ምን እንደ ነበር አሁን ገባት። የትም ያልተጻፈው ምን እንደ ነበር ገባት።

ወደ ኋላ ዞራ አየች። የመንበሩ ትከሻ ሳስቶ ከኋላው ያለው የጭቃ ስንጥቅ ይታያል፤ ያው በሱ ታይበት የነበረው ስንጥቅ።

አግበስብስን ለማውጣት አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነበር የሚበቃት።

ጆይስቲኩን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች። ሁለት እጇን አነሣች። ዓይኗን ጨፈነች።

የአግበስብስ ጣት አንድ በአንድ ለቀቀ። ወደቀ። ሆዱ የድልድዩን ጫፍ መትቶ ተሰነጠቀ፤ ስሞቹ እንደ ተፈታ መንጋ ወጡ። ያን ጊዜ ከውጭ፣ ከየደጃፉ፣ የእናቶች ድምፅ ይሰማ ጀመር። የልብስ ሰፊው ሚስት ጠራች። የቄሱ ሚስት ጠራች። ወይዘሮ ሽታዬም ጠሩ፤ «መንበሩ! ኧረ የት ገባህ? መንበሩ!»

ጎረምሶቹ ከግድግዳው ተነሡ። ደረታቸው ሞላ፣ ፊታቸው ቀላ። እየተጋፉ ወጡ። መንበሩ ልጅቱን በትከሻው ገጨት አደረጋት።

«ይቅርታ እህቴ» አላት፤ ሮጠ።

ልጅቱ እዚያው ቆመች።

ጋሽ ይርዳው ከእንቅልፋቸው ነቁ። «ማን ነሽ አንቺ? የወፍጮው በር በዚያ በኩል ነው!» አሏት፣ እንደ ልማዳቸው እየጮኹ።

ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ከወንዙ ማዶ ተቀምጣ ዋለች። ወዴት ትሂድ? ሲመሽ ግን እግሯ ሌላ መንገድ አያውቅምና እናቷ ደጃፍ ወሰዳት። እንደ ልጅ ልትገባ አልቻለችም። ደጅ ቆማ እንደ እንግዳ ተጣራች።

«ቤቶች!»

«ማን ልበል?» አሉ እናቷ ከውስጥ።

«የመሸበት እንግዳ ነኝ።»

«ግቢ የኔ ልጅ፣ ቤት የእግዜር ነው።»

የኔ ልጅ አሏት። ለመንገደኛ ሁሉ እንደሚባለው።

ገባች። እናቷ ውኃ አሙቀው ጎንበስ አሉና እግሯን አጠቧት። የእንግዳ እግር ይታጠባል። ልጅቱ ልትከለክላቸው እጇን ዘረጋች፤ መልሳ ሰበሰበችው። እናቷ እግሯን በመዳፋቸው ይዘው ቆዩ።

«ይህ እግር ከሩቅ የመጣ አይመስልም» አሉ። ተጠራጠሩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ አደረቁት።

ገበታ ቀረበ። በዚያ ቤት ዕድሜዋን ሙሉ ከትሪው ጥግ ነበር የምትበላው። ያን ዕለት ግን ምርጡን ከፊቷ አደረጉላት።

«ብዪ እንጂ፣ አትፈሪ። ሰው ቤት ነኝ አትበዪ።»

«ጋሼ…» አለች ልጅቱ፣ ወደ መንበሩ ቀና ብላ። ይህ ቃል አንድ ጊዜ አድኖታልና አሁን እሷንም ያድናት መስሏት ነበር።

መንበሩ በትሕትና ብድግ አለ። «አቤት እህቴ፣ ምን ላምጣልሽ? ውኃ ነው?»

ሰው ሁሉ ታላቁን ጋሼ ይላል። ሰው ሁሉ ታናሿን እህቴ ይላል።

«አዎ፣ ውኃ» አለች።

እናቷ፣ «ስምሽ ማነው የኔ ልጅ?» አሏት።

«ውባንቺ።»

«ጥሩ ስም ነው። እናትሽ ናት ያወጣችልሽ?»

«አይደለችም።»

እናቷ ሞሰቡን ከደኑ። «እኔ ሴት ልጅ አልሰጠኝም» አሉ። «ይህ አንዱ ነው ያለኝ። ሴት ብትኖረኝ…» አሉና ቃሉን ፈለጉት። አፋቸውን ከፈቱ። ምን ሊሉ እንደ ነበር ጠፋባቸው። «እንግዲህ፣ ተኚ፣ ደክሞሻል» አሏት።

ተረቱ ይኸው ነው። አግበስብስስ ምን ሆነ አትሉኝም? እስከ ዛሬ እየወደቀ ነው። ጌሙን የሠሩት ሰዎች ለዚያ ገደል መሬት አልሳሉለትም። ከምላሱ ሥር ያ ስም አለ፤ ግን የሚጠራው የለምና ጣዕሙን አጥቷል። አይተፋው ነገር ሰስቶ፣ አይውጠው ነገር መሮት፣ ይወድቃል።

እንግዲህ ይህን ያዙልኝ፣ ልጆቼ። ሁሉን ልጨብጥ ያለ፣ የጨበጠውም ከእጁ ይወጣል። የተጻፈ ስም ሰውን ያሳውቀዋል፤ የሚጠራ ስም ግን ሰውን ቤቱ ያስገባዋል። የትም አልተጻፈም ብላችሁ አትናቁት። አታስይዙት።

ልጅቱስ በማግስቱ ምን አደረገች ነው የምትሉኝ?

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም በፊት ተነሣች። የተነጠፈላትን አጣጥፋ ጥግ አስቀመጠች። እናቷ ለመንገድ ብለው በቁራጭ ጨርቅ ቆሎ ቋጠሩላት፤ «መንገድሽን ያቅናልሽ» አሏት። እጃቸውን ሳመች። ደጁ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ ከከተማው ያስወጣል፤ መኪና የሚቆምበት ነው። እዚያ ትንሽ ቆመች። ከዚያ በሌላው ሄደችና ትምህርት ቤት ገባች፤ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ከዚያች ክፍል በቀር ማንም በምንም የሚጠራት ቦታ በዓለም ላይ አልነበረም። መምህር ስንሻው መነጽራቸውን አድርገው ስም ይጠሩ ጀመር። ተራዋ እስኪደርስ ጠበቀች።

«ውባንቺ ታደገ!»

«አቤት!» አለች። ከወትሮው ጮክ ብላ ነበርና ተማሪው ሁሉ ዞሮ አያት። መምህር ስንሻው ቀና አላሉም፤ ወደሚቀጥለው ስም አለፉ።